የጋሮምሳ ሦስት ልጆች

ነገሩ ሁሉ የጀመረው በአንዲት እናት ጉራ ነው። እናት በልጇ ካልኮራች በማን ልትኮራ?

ወይዘሮ የሺዓለም አዳማ መናኸሪያው አጠገብ የመጋረጃ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ በቤተ ክርስቲያናቸውም የሴቶችን የጸሎት ቡድን ይመራሉ። አንድ ቅዳሜ ኢተያ ሠርግ ተጠርተው ሄደው ጠረጴዛ ለተጋሯቸው ሰው ስለ ልጃቸው ስለ ሲና ሲያወሩ፣ ልጅቷ ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምትመራመርበት ነገር ረጅም ስሙ አልመጣ አላቸው። ከመሃሉ የሚያውቋትን አንዲት ቃል ብቻ አወጡ።

«ሲናዬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዩሪያ ነው የምታጠናው» አሉ።

ጠረጴዛ የተጋሯቸው ሰው ኦቦ ወዬሳ ነበሩ፤ ሁሩታ ያለ የገበሬዎች ማኅበር የማዳበሪያ መጋዘን ኃላፊ። በዚያ ሰሞን ኦቦ ወዬሳን እንቅልፍ የነሣቸው ይኸው ዩሪያ ነበር። ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብ በመጋዘኑ ጣሪያ ሾልኮ ገብቶ፣ ጥግ ላይ የተከመረው ዩሪያ ከነጆንያው ድንጋይ ሆኗል። ገበሬው መጥቶ አንዴ በእጁ ዳሰስ አድርጎ «የሞተ ዩሪያ አንወስድም» ብሎ ይመለሳል። ኦቦ ወዬሳ ኬኩ እስኪቆረስ እንኳ አልጠበቁም። ሰኞ በጠዋት የመጋዘኑን ሠራተኛ ጋሮምሳን ጠሩት።

«አዳማ ትወርዳለህ» አሉት። «የዩሪያ ዶክተር አግኝተናል።»

ጋሮምሳ ቁመቱ ከበር መቃን የሚተርፍ፣ ድምፁ ግን አጠገቡ ከተቀመጠ ሰው የማያልፍ ልጅ ነው። እናቱ ያሳደገችው በአንድ ሕግ ነው፤ ለሰው ስትሰጥ በሁለት እጅህ ስጥ። የሚሰጠው ነገር አንድ ብርጭቆ ውሃም ይሁን አንዲት መርፌ፣ በሁለት እጅ፣ ትንሽ ጎንበስ ብሎ። እናቱ ካረፈች ወዲህ ሕጉ ጸና እንጂ አልላላም። ስለዚህ ነጭ ጋውን የለበሰች፣ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ የሰካች ልጅ ወደ ዩኒቨርሲቲው በር ስትመጣ፣ ድንጋይ የሆነውን ዩሪያ ከነፌስታሉ በሁለት እጁ ዘረጋላት።

«እርስዎ ነዎት የዩሪያ ዶክተሯ?»

«አንቺ በለኝ። ዶክተርም አይደለሁም። ምንድን ነው ይሄ?»

«ዩሪያ ነው። ታሞብን ነው።»

ሲና ሳቀች። ሳቋ ከሆዷ ነበር የመጣው፤ የበሩ ጥበቃ ሳይቀር ዞር ብሎ አየ። ጋሮምሳ ተሳቀብኝ ብሎ መቀየም ይገባው ነበር። እሱ ግን ሌላ የሚያስቅ ነገር ባውቅ ኖሮ ብሎ ተመኘ።

«እማዬ ናት አይደል? እማዬን እኮ!» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ወንድሜ፣ የኔዋ የማዳበሪያው ዩሪያ አይደለችም። የዩሪያ ዘመድ ናት። ማሳ ላይ ብትበትናት አንዲት ዘለላ ስንዴ አታወጣልህም።»

ጋሮምሳ ፌስታሉን ወደ ደረቱ ሰበሰበ። «ይቅርታ፣ ሥራ አስፈታሁሽ።»

«ቆይ እንጂ። ይሄን ሁሉ መንገድ መጥተህ! እስቲ ልየው።»

ግራሩ ሥር ያለች የሲሚንቶ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ሲና በቁልፏ ጫፍ ከድንጋዩ ትንሽ ፈረፈረች፣ በጣቷ አሸት አሸት አደረገችው።

«አልታመመም» አለች። «እርጥበት ሲያገኘው ላይ ላዩ ይሟሟል። መልሶ ሲደርቅ እያንዳንዷ ፍሬ ከጎረቤቷ ጋር ተጣብቃ ትቀራለች። እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው ድንጋይ የመሰሉት። ሰባብራችሁ በትኑት፤ ያው ዩሪያ ነው።»

«እጅ አለው?»

ሲና እየቀለደባት መሆኑን ለማወቅ ቀና ብላ አየችው። አልቀለደም። ኋላ እንደነገረችው፣ ያን ጥያቄ ከልቡ የጠየቃት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር። መምህሯ ያውቀዋል፤ እናቷ ደግሞ «ጌታ ይርዳሽ» ብለው ያልፉታል።

«አለው» አለች። «ሃይድሮጅን የሚባሉ እጆች አሉት። የሚይዝባቸው ደግሞ የሌላውን ኦክስጅን ነው። የኔዋ ሁለት እጅ ነው ያላት። ማንን፣ እንዴት አድርጋ እንደምትይዝባቸው ግን ገና አላውቅም።»

«እንዴት ነው የሚታወቀው?»

«አንድ ጥሩ ክሪስታል ማሳደግ ነው። የጨው ቅንጣት የምታህል፣ ጥርት ያለች። ኤክስሬይ ሲያልፍባት ውስጧ ማን ማንን እንደያዘ ይታወቃል። እኔ ጋ ግን የሚወጣው ዱቄት ነው።» ድምጿ ዝቅ አለ። «አልኮል ውስጥ አሟሙቼ ነው የማስቀምጣት፤ አልኮሉ ቀስ ብሎ ሲተን እሷ ቀስ ብላ ታድጋለች። የአዳማ ሙቀት ግን ቀስ ብሎ የሚባል ነገር አያውቅም። የላቦራቶሪው በርም ሲንጓጓ ነው የሚውለው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሆነብኝ። ያቺ አንዲት ክሪስታል ካልተገኘች መመረቂያ ጽሑፌ መሃሉ ባዶ ነው፤ አልመረቅም።»

ጋሮምሳ የፌስታሉን አፍ ቋጠረ፣ መልሶ ፈታው።

«ሁሩታ ቀዝቃዛ ነው» አለ በመጨረሻ። ከየት እንደመጣለት ራሱም አላወቀም።

ሲና መነጽሯን ከፀጉሯ ላይ አወረደች። «ጸጥ ያለ ክፍል አለህ?»

«እኔም ክፍሌም ጸጥ ያልን ነን።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሲና ሦስት ትንንሽ ጠርሙሶች በጥጥ ጠቅልላ ሁሩታ መጣች። መጋዘኑ ደጅ ላይ ገበሬዎች የተሰባበረውን ዩሪያ በአህያ እየጫኑ ነበር። ኦቦ ወዬሳ ከሩቅ አይተዋት እጃቸውን አነሡ።

«ዶክተር! ገለቶሚ፣ ኢንተላ ኮ! አመሰግናለሁ፣ ልጄ!» አሉ። ዶክተር አይደለሁም ብትልም አልሰሟት፤ ከዚያ ቀን ወዲህም በሌላ ስም አልጠሯትም።

የጋሮምሳ ክፍል ድሮ የተሠራ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ አላት፤ ቀትር ላይ እንኳ ቀዝቀዝ ትላለች። ሲና ጠርሙሶቹን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች። አፋቸው በመርፌ በተበሳሳ ፎይል ተሸፍኗል። በእስክሪብቶ ሀ፣ ለ፣ መ ተብሎ ተጽፎባቸዋል።

«ሐ የት ሄደች?» አለ ጋሮምሳ።

«ከሀ ጋር እንዳትምታታብኝ ዘለልኳት።» ከዚያ እንደ አስተማሪ ጣቷን ቀሰረች። «አትንካቸው። አታንቀሳቅሳቸው። ቶሎ ቶሎም አትያቸው፤ ሰው ያየውን ነገር መንካቱ አይቀርም።»

«እንቁላል የታቀፈች ዶሮ በያቸው።»

«እንደሱ!» አለች፤ ለመንገድ ሲሆን የሚገጠሙትን የጠርሙስ ክዳኖች በትንሽ ላስቲክ አድርጋ ሰጥታው ወጣች። ክፍሉ ውስጥ የሳሙናዋ ሽታ ቀረ። ጋሮምሳ እሱንም ቢሆን አልነካውም።

ማታ ስልክ ተደወለ።

«ልጆቹ እንዴት ናቸው?»

«ተኝተዋል።»

ከዚያ በኋላ በየማታው ተደወለ። ጋሮምሳ ፊደል እየጠራሁ ስለ ልጅ አላወራም ብሎ ስም አወጣላቸው። ሀ ሃዊ ሆነች፣ ለ ለሊሴ፣ መ መርዳሳ።

«መርዳሳ ዛሬ ደፍርሷል» ይላል።

«ውይ! አንቀሳቀስከው እንዴ?»

«ኧረ እኔ! ጎረቤቴ በሯን ወርውራ ዘግታ ነው። ወገቡ ድረስም ደርቋል።»

«ምስኪን መርዳሳ! ለሊሴስ?»

«ጢም አወጣች።»

«ሴት ልጅ ጢም አውጥታ ማን ያገባታል?» ትላለች ሲና፤ የክሪስታል ጢም እንደ መርፌ ቀጭን፣ ለምንም የማይሆን መሆኑን ጋሮምሳ ተምሯል። «ሃዊስ?»

«ሃዊ ዝም ብላለች።»

«ተዋት። እኔ ዝም የሚል ደስ ይለኛል።»

ጋሮምሳ ያቺን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሲያላምጣት አመሸ።

ወሬው ከጠርሙስ ይጀምርና ሌላ ቦታ ያድራል። ሲና ስለ አባቷ ነገረችው። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሲሠሩ ኖረው ያረፉት እሷ ተማሪ ሳለች ነው። ሕፃን ሆና አንድ ቀን አንዲት ትልቅ የስኳር ፍሬ አምጥተው በመስኮት ብርሃን አሳይተዋት፣ «ማንም ሳይጠርባት ነው እንዲህ የሆነችው» አሏት። ኬሚስትሪ የያዛት ያን ቀን ነው። ጋሮምሳም ስለ እናቱና ስለ ሁለት እጅ ሕጓ ነገራት። በሁሉ ነገር የምትስቀው ሲና በዚያ አልሳቀችም። ሰው ብዙ ጊዜ የሚዋደደው እንዲህ ነው፣ ስለ ሌላ ነገር እያወራ።

አንድ ጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ መደርደሪያው ላይ ስታርፍ ጋሮምሳ ሃዊን አያት። ከጠርሙሷ ወለል ላይ ስንጣሪ መስታወት የመሰለች ነገር ተጋድማለች። ጠርዟ ቀጥ ያለ፣ ብርሃን በውስጧ የሚያልፍ። ጢም የላትም፣ አልደፈረሰችም። ስልኩን አነሣ።

አንሥቶም ቆመ።

ሃዊ ደረሰች ማለት ጠርሙሶቹ ይወሰዳሉ ማለት ነው። ጠርሙሶቹ ከተወሰዱ በየማታው የሚደወልበት ምክንያት የለም። ዩኒቨርሲቲ የተማረች የአዳማ ልጅ ለሁሩታ መጋዘን ሠራተኛ ምን ብላ ትደውላለች? ስለ ጆንያ ልታወራ?

ማታ ሲና ጠየቀችው። «ሃዊስ?»

«ገና ናት» አለ። ምላሱ ከበደችው። በማግስቱም ገና ናት አለ፤ ከዚያም በኋላ። እውነቱን ሳይናገር ባደረ ቁጥር ነገ መናገሩ ይበልጥ እየከበደው ሄደ።

ዓርብ ማታ ሲና ስትደውል ድምጿ ሌላ ነበር።

«ጋሮምሳ፣ መምህሬ ለስብሰባ ደቡብ አፍሪካ ይሄዳል። ኤክስሬዩ የሚነሣው እዚያ ነው፤ ነገ ከሰዓት ከአዳማ ይነሣል። በሱ ካልላክሁ ዘንድሮ መመረቅ የለም። ምንም ያደገ የለህም? ምንም?» ስታለቅስ ሰማት።

ጋሮምሳ በራሱ አፈረ። «በጠዋት ሦስቱንም ይዤልሽ እመጣለሁ» አለ። የቀረውን በስልክ መናገር አቃተው።

«እማዬ ሱቅ ና፤ ከመናኸሪያው ወጣ ስትል ነው። እኔ ከላቦራቶሪ እደርሳለሁ።»

እናቷን ሊያይ ነው! ሲነጋ ነጭ ሸሚዙን ለበሰ። የጠርሙስ ክዳኖቹን ሲፈልግ ግን አንድ ብቻ አገኘ። አልጋ ሥር፣ ሳጥን ሥር ፈለገ፤ ሚኒባሱ ጥሩምባ ይነፋል። የተገኘችውን ለሃዊ ገጠመላት። ለሊሴንና መርዳሳን በላስቲክ ሸፍኖ በክር አሰራቸውና ደረት ኪሱ ውስጥ ከተታቸው። ሃዊን በሁለት እጁ ያዛት።

እስከ ዴራ በሰላም ሄዱ። መልካሳ ሲደርሱ ሹፌሩ የጋሪ ፈረስ ድንገት ገብቶበት ፍሬኑን ረገጠ። ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ፊት ሄደ፤ ሌላው ወንበሩን ሲይዝ ጋሮምሳ ሃዊን አልለቅም ብሎ በግንባሩ የፊቱን ወንበር መታ። ለሊሴና መርዳሳ ደረቱ ላይ ፈሰሱ። የመኪናው ውስጥ በአልኮል ታጠነ። አጠገቡ የተቀመጡ እናት አፍንጫቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«በዚህ ጠዋት!» አሉ።

ጋሮምሳ ሱቁ ደጃፍ ሲደርስ ወይዘሮ የሺዓለም መጋረጃ እየለኩ ነበር። ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ እትዬ የሺዓለም። ጋሮምሳ እባላለሁ፤ ከሁሩታ ነው የመጣሁት።»

ፊታቸው ፈካ። እጃቸውን ሊዘረጉለት ሲሉ ግን አፍንጫቸው ቀደማቸው። እጃቸው መሃል ላይ ቆመ፣ ከዚያ ተመለሰ።

«ጠጥተሃል፣ ልጄ?»

«አልጠጣሁም፣ እትዬ። ፈሶብኝ ነው።»

«ሁሉም ፈሶብኝ ነው የሚለው» አሉ። ድምፃቸው ግን ከቁጣ ይልቅ ሐዘን ነበረበት። «ይሁን። ልጆችህንስ ለማን ትተህ መጣህ?»

ጋሮምሳ ሲና ነግራቸዋለች ብሎ ገመተ። እንደዚህ አዝነው ሲጠይቁት እንባው መጣ።

«ይዣቸው ነበር የተነሣሁት» አለ። «ለሊሴና መርዳሳ መልካሳ ላይ አለቁብኝ። የቀረችኝ ሃዊ ብቻ ናት።»

ወይዘሮ የሺዓለም ጮኹ።

«በኢየሱስ ስም! መርዳሳዬ! ያ ሁሉ ጸሎት! ያ ሁሉ ጾም!»

የጎረቤት ሱቅ ሴቶች እየሮጡ መጡ። የመርዳሳ መድፈረስ፣ ወገቡ ድረስ መድረቁ፣ ለካ በጸሎት ቡድኑ ሁሉ የታወቀ ሕመም ነበር። ሲና ሱቁ ውስጥ ሆና ስልኳን በድምፅ ማጉያ ስታወራ እናትየው ሁሉን ሰምተዋል፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ሦስት ልጅ ይዞ የቀረ ሰው አድርገው በልባቸው ሥለውታል። ልጃቸውን ሊሰጡት አይደለም፤ ለልጆቹ ግን እንደ አያት ሲማልዱ ከርመዋል። አንዷ ሴት ደረቷን መታች፣ ሌላዋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። የአዳማ ሰው ለኬሚስትሪ ልቡ እንዲህ ስስ መሆኑን ጋሮምሳ አያውቅም ነበር። እሱም አብሯቸው አለቀሰ።

በዚህ መሃል ሲና ከባጃጅ ወረደች።

«ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?»

«ልጆቹ ናቸዋ!» አሉ እናቷ። «የዚህ ሰው ልጆች! በየማታው በስልክ የምትጠይቂያቸው!»

ሲና እናቷን አየች። የጋሮምሳን እርጥብ ሸሚዝ አየች፤ አየሩን አሸተተች። ከዚያ የመጋረጃ ጨርቅ ክምር ላይ ተቀመጠች።

«እማዬ» አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ «መርዳሳ… መርዳሳ ጠርሙስ ነው!»

ነጠላዋን ያዘቀዘቀችው ሴት ቀስ ብላ መልሳ አቃናችው።

«ሦስት ቀን የጾምነው ለጠርሙስ ነው?» አለች።

መጀመሪያ የሳቁት ወይዘሮ የሺዓለም ራሳቸው ናቸው። ሳቃቸው የልጃቸው ዓይነት ነው፣ ከሆድ የሚወጣ። ሴቶቹ እየተደጋገፉ ሳቁ፤ በመንገድ የሚያልፈው ሰው ቆሞ ያያል። ጋሮምሳም እንባውን ሳይጠርግ ሳቀ፣ ሃዊንም በሁለት እጁ ለሲና ዘረጋላት።

ሲና ጠርሙሷን ወደ ብርሃን አነሣች። ሳቋ ቀረ። ብዙ አየቻት፤ አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ አዘንብላ።

«ጋሮምሳ» አለች ቀስ ብላ፣ «ይቺ ዛሬ የደረሰች አይደለችም።»

ሌሊት ነው ያደገችው ቢላት ታምነው ነበር። ቃሉም አፉ ላይ መጥቶ ነበር።

«አይደለችም» አለ። «ሰኞ ነው ያየኋት። ደብቄሽ ነው።»

«ለምን?»

ሴቶቹ ሁሉ ያዩታል። በዕድሜው ከፍ ባለ ድምፅ ተናግሮ አያውቅም፤ ያን ቀን ግን ሁሉም ሰሙት።

«ከደረሰች መደወል ታቆሚያለሽ ብዬ።»

ከሴቶቹ አንዷ «ውይ» አለች፤ ወይዘሮ የሺዓለም በክርናቸው ጎሸሟት። የሲና ጉንጭ ቀላ፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም።

«የሁለት ዓመት ልፋቴ ነው» አለች። «ትናንት ሳለቅስ ሰምተህ እንኳ አልነገርከኝም።» ሃዊን ወደ ደረቷ አስጠግታ ባጃጁ ውስጥ ገባች። ባጃጁ አቧራውን አስነሥቶ ሄደ።

ወይዘሮ የሺዓለም ጋሮምሳን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ሸሚዝህን አውልቅና እጠበው» አሉት። «እንዲህ ሆነህ ተመልሰህ ሚኒባስ ብትገባ ሰው ምን ይልሃል?» ሌላ ቃል አልተናገሩትም፤ ውሃውን ግን ራሳቸው ቀዱለት።

ስልኩ ዝም አለ። ሳምንት አለፈ፣ ሌላም ሳምንት። መደርደሪያው ባዶ ነው፤ ጋሮምሳ ግን አሁንም በሩን ቀስ ብሎ ይዘጋል። ሊደውል ቁጥሯን ያወጣና ይተወዋል፤ ምክንያት ሲፈልግ አንድም አያገኝም። ኦቦ ወዬሳ ሁለት ጊዜ «ዶክተር ደህና ናት?» ብለው ጠይቀውት በሦስተኛው ተዉት።

አንድ ቀትር ጆንያ ተሸክሞ ከመጋዘኑ ሲወጣ ሲና ደጁ ላይ ቆማለች፤ የተጠቀለለ ወረቀት ይዛለች።

«አንደኛ፣ ተቆጥቼብሃለሁ» አለች። «እሱን ያዝ።»

«ይዣለሁ» አለ ጆንያውን ሳያወርድ።

«አውርደው እንጂ! ሁለተኛ፣ ውጤቱ መጣ።»

ወረቀቱን የዩሪያ ጆንያዎቹ ላይ ዘረጋችው። ነጠብጣቦችና ዘንጎች ናቸው፤ በመሃላቸው የተቆራረጡ ቀጫጭን መስመሮች ይሄዳሉ።

«ይቺ አንዷ ናት» አለች፣ ጣቷን እያስኬደች። «እነዚህ ሁለት እጆቿ። ሁለቱን ለሁለት ጎረቤት ታካፍላለች ብዬ ነበር የፈራሁት። አላካፈለችም። ሁለቱንም የዘረጋችው አንድ ቦታ ነው፣ ለፊተኛዋ ኦክስጅን። ያቺም ተቀብላ ዝም አትልም፤ የራሷን ሁለት እጅ ከፊቷ ላለችው ትዘረጋለች። ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዲህ ናቸው።»

ጋሮምሳ ሥዕሉን አየ። እናቱ ትዝ አለችው።

«በሁለት እጅ» አለ።

«በሁለት እጅ» አለች ሲና። «ኮምፒዩተሩ ላይ ሲከፈት መጀመሪያ የታየኝ ሞለኪውል እንዳይመስልህ። አንተ ነህ፣ በር ላይ ፌስታል ዘርግተህ። እየተናደድኩብህ ሳቄ መጣ። ላቦራቶሪው ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ሰው አበደች አለ።»

«ሲና፣ እወድሻለሁ» አለ ጋሮምሳ። «ያን ለማለት ክሪስታል መደበቅ አልነበረብኝም።»

«አልነበረብህም። እኔም እወድሃለሁ።» ዓይኗ እርጥብ ነበር፤ አሁን ግን ሳቀ። «ከእንግዲህ ያለ ምክንያት ደውልልኝ። ምክንያት ያለው ሰውማ ብዙ ነው።»

ሁለት እጁን ዘረጋ። ሲና ሁለቱንም እጇን መሃላቸው አኖረች። ጆንያዎቹ ጀርባ ኦቦ ወዬሳ ጉንፋን ሳይኖርባቸው ሳሉ።

ሽምግልና የሄዱትም እሳቸው ናቸው። ወይዘሮ የሺዓለም ሽማግሌዎቹን አስቀምጠው ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ።

«ሁሉም መልካም ነው» አሉ። «አማኝ ቤት ያደገ ልጅ መሆኑንም አረጋግጫለሁ። ነገር ግን ልጁ ልጆች አሉት ሲባል ሰምቻለሁ።»

ኦቦ ወዬሳ ጭንቅላታቸውን በሐዘን ነቀነቁ። «ነበሩት፣ እትዬ። ሁለቱን መንገድ ላይ አጣቸው። አንዷ ግን ደቡብ አፍሪካ ድረስ ሄዳ ስማችንን አስጠርታለች።»

የሽምግልናው ወግ በሳቅ ፈረሰ። ወይዘሮ የሺዓለም ጋሮምሳን ወደ ውስጥ አስጠሩት። ያን ቀን ሱቁ ደጃፍ ላይ መሃል መንገድ የመለሱትን እጅ ዘረጉለት፤ ከሱ ጋር ሌላኛውንም።

የሠርጋቸው ማግስት ሲና አንድ ነገር አለችው።

«ሃዊን ሰኞ ብትሰጠኝ ኖሮ ማሽኑ አያነሣትም ነበር። በጣም ቀጭን ነበረች። የወፈረችው በደበቅካት ቀናት ነው፤ መምህሬ መጠኗን አይቶ ነገረኝ።»

ጋሮምሳ ብድግ አለ። «መቼ ነው የነገረሽ?»

«ከውጤቱ ጋር።»

«እና ይሄን ሁሉ ጊዜ ይቅርታ ስለምንሽ!»

«ደብቄህ ነው» አለች ሲና። «ከነገርኩህ መለማመጥ ታቆማለህ ብዬ።»

አሁን ሲና አዳማ ታስተምራለች፤ ጋሮምሳም የማኅበሩ የአዳማ ቢሮ ውስጥ ይሠራል። እሱ ዕረፍት በሚወጣበት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከላቦራቶሪው ስልክ ይደወላል።

«ሃዊ ተኝታለች?»

«ተኝታለች።»

«አትንካት እሺ። ዝም ብለህ ተዋት፣ ታድግበት።»

«እሺ» ይላል ጋሮምሳ። ስልኩን ይዘጋል። ከዚያ ወደ አልጋው ይሄድና ሕፃኗን በሁለት እጁ ያነሣታል።